ፊታውራሪ ሚዛን ላይ የወጡ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ቤት ስወጣ አንድ ጎረምሳ የእግረኛው መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ ይመዘኑ» አለኝ። ሐኪሙ ገና አሁን ጨው፣ ስብ፣ ስኳርና ደስታ ከልክሎኝ ስለነበር ንዴቴን ልወጣበት ብዬ ከነጫማዬ ወጣሁበት። ቀስቱ መርካቶ ገብቶ መውጫው እንደጠፋው ሰው ግራና ቀኝ ሲዋትት ቆይቶ ረጋ። ጎረምሳው ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ቀና ብሎ ፊቴን አየ፣ አዘነልኝም መሰለኝ፣ «ለጫማና ለካፖርቱ ቀንሼ ልንገርዎት?» አለኝ። እዚያው ሚዛኑ ላይ እንደቆምኩ ሳቅ ያዘኝ። አልለቅ ብሎኝ መንገደኛው እየዞረ ያየኝ ጀመር፤ ጎረምሳውም ዕቃዬን ሊሰብርብኝ ነው ብሎ ሰጋ። ምን ብዬ ላስረዳው? እኔ እንዲህ ባለች አንዲት ቅናሽ የተነሳ ትልቅ ሰው ፓርላማ ሲያመልጣቸው፣ እኔም ከነእናቴ ሜዳ ላይ ልወድቅ ትንሽ ሲቀረኝ ያየሁ ሰው ነኝ።

ነገሩ የሆነው ጂማ ነው። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ ዓመቱን ግን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዘመን የምቆጥረው በሱሪ ነው። ሱሪ ከላይ ጠብቦ ከታች መስፋት የጀመረበት፣ ጫማን ጨርሶ ሳይውጥ በፊት ያለው ጊዜ ነበር። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም። ስሙኒ የያዘ ሰው ደግሞ ፈረንጅ አራዳ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በረንዳ ላይ ጌታ ሆኖ ተቀምጦ፣ ከውስጥ ሸክላ እየተዘፈነለት፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እስኪመሽ ማማት ይችላል። ዛሬ ያንን ሐሜት በመቶ ብርም አታገኙትም። ዝናቡም እንደ ዛሬው ልግመኛ አልነበረም፤ የጂማ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ዓርብ ጁምዓ አድርሶ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። እኔ አወቱ መንደራ የሚባለው ሰፈር፣ ከአወቱ ወንዝ ብዙም ሳልርቅ፣ አንዲት ክፍል ይዤ የሱቅ ማስታወቂያ እሥል ነበር። የልብስ ሰፊውን መቀስ፣ የጠጅ ቤቱን ብርሌ፣ የካሚዮን ኋላ ላይ የሚሣለውን አንበሳ፣ ሁሉንም የሣልኩት እኔ ነኝ። አንበሶቼ ሁሉ ጎረቤታችን የሆነችውን ወይዘሮ ይመስላሉ ይባል ነበር፣ እሷም ታውቅ ነበር፣ ትኮራም ነበር። ከኋላ ባለችው ክፍል እናቴ ትኖራለች። ሁለቱም ክፍሎች ግን የፊታውራሪ መንበሩ ነበሩ።

ፊታውራሪን ላላያችሁ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ጂፓቸው ውስጥ በቀኝ በኩል ሲገቡ በግራ ያሉት ጎማዎች ከመሬት ይነሳሉ። ወንበር ሲመርጡ ባለቤቱ ይጸልያል። ቡና ነጋዴ ናቸው፤ በየከተማው መጋዘን አላቸው፣ ትልቁ ሊሙ ገነት ነው። አንድ ጊዜ ለፓርላማ ተመርጠው አራት ዓመት አዲስ አበባ ከርመዋል። በአራት ዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፣ እሱም መስኮቱ ይዘጋልን ብለው ነው እያሉ ጠላቶቻቸው ያወሩ ነበር። ወዳጆቻቸው ደግሞ መስኮቱ በእርግጥ ተዘግቷል ብለው ይከራከራሉ። አሁን ዳግመኛ ሊመረጡ ፈልገው ተነሱ። የምርጫው ወረዳ ከየት እስከ የት እንደነበረ ዛሬ ብጠየቅ አልምልም፤ የጂማ ሰውም የሊሙ ሰውም ድምፅ እንደነበረው ብቻ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም መከራዬ የመጣው ከሊሙ ነው። የተወዳደሯቸው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ሂርማታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥያቄን ሁሉ «ኢንሻአላህ» ብለው የሚመልሱ የከተማው ነባር ሰው።

ያን ጊዜ አብዛኛው መራጭ ፊደል ስለማይለይ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ነበረው፤ ሰው የሚመርጠው ምልክቱን አይቶ ነው። ሐጂ ኑሩ ጃንጥላ መረጡ። በዚያ አገር ጃንጥላ የሌለው የሞተ ብቻ ስለሆነ ብልህ ምርጫ ነበር። ፊታውራሪ ግን ሚዛን መረጡ። አዲስ አበባ ሳሉ አንድ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሚዛን ተሥሎ አይተው ወደውታል። «ሚዛን ማለት ፍትሕ ነው» አሉኝ፣ እንድሥልላቸው ሲያዙኝ። ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ሊሙ ነው፤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋው ቆመ።

«ለቡና ገበሬ ሚዛን?» አለች። «ምነው ለፍየሎቹ ጅብ ሣልላቸው አላሉህም?»

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በጆንያ ሞልቶ በበቅሎ ጭኖ መጋዘን ያመጣል። መዛኙ ሚዛኑ ላይ ያወጣዋል፣ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ መዛኙ ክብደቱን በፈረሱላ፣ አንዱ ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ግድም ነው፣ ይጠራል። የሚጠራው ግን ዘንጉ ሳይረጋ ነው፤ ወደ ታች ባዘነበለበት፣ ቡናው ቀሎ በሚታይበት ቅጽበት። ከዚያ ደግሞ «ለጆንያ» ብሎ ይቀንሳል። የሚቀንሰውን ብትሰሙ ጆንያው ከቃጫ ሳይሆን ከሐዲድ የተሠራ ይመስላችኋል። ገበሬው ያጉረመርማል፣ ይሸጣል፣ ይሄዳል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የፊታውራሪ መዛኝ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ ደግ ሰው፣ ለልጆች ከረሜላ የሚያድሉ፣ ነገር ግን እጃቸው ከዚያ ሥራ ጋር አብሮ ያረጀ።

እኔን ደግሞ ፊታውራሪ የፈለጉኝ ለብሩሼ ብቻ አልነበረም። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ስለምናገርና አፌ ሥራ ሲፈታ ስለማይወድ፣ ማይክሮፎን ይዤ በየገበያው እንድለፍፍላቸው ጠየቁኝ። «ካሸነፍን» አሉኝ፣ ትከሻዬን እየመቱ፣ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ዝቅ ያለው በዚያ ነው፣ «ያቺን ቤት በስምህ አዞርልሃለሁ። እናትህ በራሷ ጣሪያ ሥር ትጦራለች።» እናቴ ይህን ስትሰማ ስለ ጅቡ ዳግመኛ አላነሳችም።

ሊሙ ገነት የሄድነው በገበያ ቀን ነው። ሰማዩ ለወጉ እንኳን አንድ ደመና አልነበረውም። ፊታውራሪ የመጋዘናቸውን ትልቁን ሚዛን ራሱን ወርቃማ ቀለም አስቀብተው ካሚዮን ላይ አስጫኑት፤ ገበያው መሐል አወረድነው። ጋሽ ወልዴ አብረው መጡ፣ ያንን ሚዛን አስተካክሎ ማቆም የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸውና። እኔ አዲሱን ሱሪዬን፣ ቴትሮን ሸሚዜን ለብሼ፣ ጠጉሬን በቅቤ አስተኝቼ፣ ማይክሮፎኑን ጨብጬ በሁለት ቋንቋ ለፈፍኩ። «ሚዛኑ የእናንተ ነው፣ ፍርዱም የእናንተ ነው።» ያጨበጨበ የለም። ገበያው ሙሉ ነው፣ ግን ማንም እኔን አያይም፤ ፊታውራሪንም አያይም። ሁሉም የሚያየው ሚዛኑን ነው። የምትጠላው ዘመድህ ሠርግ ላይ ተሸልሞ ሲገባ እንዴት ታየዋለህ? እንደዚያ ነበር የሚያዩት። ቀልዴን አንድ በአንድ ወረወርኩ፤ ጂማ ላይ ሰውን በሳቅ መሬት ላይ የጣለ ቀልድ ሁሉ እዚያ እንደ ድንጋይ ዱብ ዱብ አለ። ላብ ከጀርባዬ ወርዶ ሱሪዬ ውስጥ ገባ።

ያኔ አባ ፊጣ የሚባሉ ሽማግሌ ቡና ገበሬ ከሰዉ መሐል ወጡ። የታጠፈ ጃንጥላቸው ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በኦሮምኛ፣ ሳይቸኩሉ ተናገሩ፤ እኔም ወደ አማርኛ መለስኩ።

«ፊታውራሪ፣ ይቺን ሚዛን ወርቅ ብትቀባም እናውቃታለን። የአባቶቻችን ቡና ወጥቶባታል፣ የእኛም ወጥቶባታል። እርስዎ ግን ወጥተውባት ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አሉ ፊታውራሪ እየሳቁ። ሕዝቡን ያገኙት መስሏቸዋል። «ምን ገዶኝ፣ እወጣለሁ።»

ከነካፖርታቸው፣ ከነባርኔጣቸው ወጡ። ሚዛኑ አቃሰተ። ጋሽ ወልዴ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው መለኪያውን ዘንጉ ላይ ገፋ ገፋ አደረጉት። የበቅሎ ማሰሪያ ሲንቀጫቀጭ እንኳን ይሰማ ነበር። ዘንጉ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። ገና ሲወርድ፣ ያ ሁሉ ዓመት መጋዘን ውስጥ ሲጠሩበት በኖሩት በዚያው ዜማ፣ ጋሽ ወልዴ ጠሩ።

«ሰባት። ለጆንያ ግማሽ። ስድስት ተኩል።»

እኚህ ሰው ጌታቸውን ሊያዋርዱ አስበው አልነበረም። ከአፋቸው ሲወጣ እንኳን አልሰሙትም። እጃቸውን ለሚቀጥለው ጆንያ ዘርግተው ነበር። ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ፣ «ማል ጄዴ?» አለ፣ ምን አለ ማለቱ ነው። ማይክሮፎኑ ያለው እኔ እጅ ነው፣ አስተርጓሚውም እኔ ነኝ፣ የተባለውን መናገር ሥራዬ ነው። «ስድስት ተኩል ብሏል፣ ጆንያው ተቀንሶ» አልኩ በኦሮምኛ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ታሪክ ዛሬ አላወራም ነበር። ግን ያው ድምፅ መልሶ፣ «ጆንያው የቱ ነው?» ሲል፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ።

«ጆንያው ካፖርታቸው ነው። ቡናው ውስጥ ነው።»

ገበያው ተገለበጠ። ሽማግሌ ተቃቅፎ ሳቀ፣ ሴቶች ቅላቸውን ጣሉ፤ በቅሎዎቹ ሲስቁ አይቻለሁ ብላችሁ አታምኑኝም፣ ቢሆንም አይቻለሁ። አባ ፊጣ ብቻ አልሳቁም። ፊታውራሪን ትኩር ብለው አይተው፣ «አሁን እርስዎም ተመዘኑ» አሉ። ከዚያ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ፣ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ከአጠገባቸው ያለው ዘረጋ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዘረጋ። ጠብታ ዝናብ በሌለበት ገበያው ከዳር እስከ ዳር ጃንጥላ ለበሰ። ያኔ ሳቁ አበቃ፤ ፊታውራሪ ሚዛኑ ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

ከሊሙ እስከ ጂማ በጂፓቸው ተመለስን። መንገዱ አቧራ፣ ጫካው ጥቁር፣ ጂፑ ውስጥ የሚተነፍሰው ሞተሩ ብቻ። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ በሽተኛ ሕፃን ይደባብሱታል። እኔ ወሬ ለመጀመር አፌን በከፈትኩ ቁጥር አቧራ እየዋጥኩ ዘጋሁ። አወቱ መንደራ ደርሰን ስወርድ ፊታውራሪ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ካሸነፍኩ አንተን ለማስወጣት ጊዜ አላጣም። ከተሸነፍኩ ደግሞ ምክንያት አላጣም።»

ይህን ፍርድ ሳሰላስለው አደርኩ፤ ቀዳዳ የለውም። ቢያሸንፉም ወጣሁ፣ ቢሸነፉም ወጣሁ። ለማን ልጸልይ? እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ፣ «አፍህን ሰፍቼ ብወልድህ ኖሮ» አለች፤ ቀጥላ ድስቶቿን ከመደርደሪያ ማውረድ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት እንደ ጎማ ተለጠጡ። ጂፑ ጠዋት በደጃችን ያልፋል፣ ማታ ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር ዓይኔን ከሥራዬ አንስቼ ወደ በሩ አያለሁ፤ በዚያ ሳምንት የሣልኩት የልብስ ሰፊ መቀስ እባብ መስሎ ባለቤቱ አልረከብም አለኝ። ደንበኛ ቀረ። የዘወትር ወዳጆቼ ሰላምታ ከማዶ ሆነ፤ የፊታውራሪ ቤት የሚከራይ ብዙ ነውና አልቀየምኳቸውም። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ አገር አዳርሷል። ቦሳ አዲስ ሲደርስ ሚዛኑ ተሰብሯል፤ ሂርማታ ሲደርስ ፊታውራሪ ጆንያ ውስጥ ገብተው ተሰፍተዋል። እኔ ያላልኩት ቀልድ ሁሉ በስሜ ተጻፈ። ሐጂ ኑሩን አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ሐጂ፣ እርስዎ ካሸነፉ ያስጥሉኛል?» አልኳቸው። ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። «ኢንሻአላህ» አሉ። በዚያች ቃል የዳነ ሰው ይኖራል፣ እኔ ግን ማታውኑ ቀለሞቼን በሣጥን ከተትኩ።

የምርጫው ዕለት ዝናቡ ተመለሰ፤ የቀረበትን ሁሉ በአንድ ጧት ሊያወርደው። ምርጫው ትምህርት ቤት ነው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሞ፣ «የተወዳዳሪ ምልክት ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ የመራጩን ጃንጥላ መቀማት ጀመረ። ሕጉ እንዲያ ይል አይል እንጃ። አንዲት እናት፣ «ወላሂ ልጄ፣ ይህ ለዝናብ ነው እንጂ ለሐጂ አይደለም» ብላ ብትለምነውም አልሰማትም። ጃንጥላው ግድግዳው ሥር ተራራ ሆነ፤ ሰልፈኛው እስከ አጥንቱ በሰበሰ። ሲወጣ የራሱን ጃንጥላ ያገኘ የለም፤ እናቴ ይዛ የገባችው ጥቁር ነበር፣ ይዛ የወጣችው አበባ ያለበት ነው፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ያዘችው። ፊታውራሪም መጡ። ጂፓቸው ውስጥ ጃንጥላ አለ፣ ሹፌራቸው ይዞ ሊሮጥ ሲል በእጃቸው ከለከሉት። በጠላት ምልክት ሥር አልጠለልም ብለው እንደ ማንም ተሰለፉ። ዝናቡ ከባርኔጣቸው ጠርዝ ዙሪያውን ይፈስ ነበር። ተራ ላይ ሆነው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ንዴት ቢሆን እችለው ነበር፤ ያየሁት ግን አንድ ነገር ሊጠይቀኝ የፈለገ ሰው ፊት ነው፣ ያ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

ውጤቱ ሲነገር ከተማው ውስጥ ፊታውራሪ አሸንፈዋል። ሊሙ ሲቆጠር ተሸነፉ። የሐጂ ሰዎች እልልታ ከሂርማታ ተነስቶ ወንዙን ተሻግሮ እቤታችን ድረስ መጣ። እናቴ ፍራሹን ጠቀለለች።

በማግሥቱ ጠዋት ጂፑ ቆመ። ይህን ጊዜ አላለፈም። ፊታውራሪ ጎንበስ ብለው በበሩ ገቡ፤ ክፍሏ ጨለመች። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በኋላው በር ቆማለች። ፊታውራሪ አግዳሚዬ ላይ ሲቀመጡ አግዳሚው አንድ ነገር አለ። የጠቀለልነውን ፍራሽ አዩ፣ የተደረደሩትን ድስቶች አዩ።

«ትናንት» አሉ፣ «ሂርማታ ሄጄ፣ የአንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ አዘግቼ፣ በእሱ ሚዛን ተመዘንኩ። ዘንጉ እስኪረጋ ጠብቀን።»

እናቴ ወደ እኔ አየች።

«ስምንት ፈረሱላ ነኝ።»

«ያውም ሞልቶ ተርፎ» አለ አፌ። እናቴ በዓይኗ ልትገድለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አልሰሙም።

«ስምንት። ድምፁን ቆጥረው ወሰዱ፣ ይሁን፣ ሕግ ነው። አንድ ተኩል ፈረሱላዬን ግን ማን ወሰደው?» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ወልዴን ጠየቅሁት። የሐጂ ሰው ሆኖብኝ መስሎኝ ነበር። አለቀሰ። ‹ጌታዬ፣ እጄ ነው፣ ሳላስበው ነው› አለኝ። ሳያስበው። አየህ፣ እኔን ጌታውን፣ ዓይኔን እያየ፣ ሳያስበው ይህን ያህል ከቀነሰ...»

አልጨረሱትም። ከውጭ የአወቱ ውኃ ይሰማል።  እናቴ ከበሩ ጠጋ አለች።

«ጌታዬ፣ ቤቱን ዛሬ ነው የምንለቀው ወይስ ለነገ ያሳድሩናል?»

ፊታውራሪ ዞረው አዩዋት፤ የሌላ ሰው ጉዳይ የተነሳ መሰላቸው።

«ቤቱ ምን ሆነ?» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሥዕሌን ትሥላለህ። ከነሙሉ ቁመቴ፣ ሚዛን ላይ ቆሜ። ከሥሩ ‹ስምንት ፈረሱላ› ብለህ ጻፍ። ሊሙ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይሰቀላል። ገበሬው ሲገባ ይየው፣ ወልዴም ሲመዝን ይየው።» ተነሱ፤ በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። «ደግሞ ካፖርቱን አትሣልብኝ።»

ሣልኳቸው። ሆዳቸው በአንድ ቆርቆሮ አልበቃ ብሎ ሁለተኛ አስበየድኩ። ከዚያ ወዲህ ሊሙ ላይ ዘንጉ እስኪረጋ ይጠበቅ ነበር ይላሉ፤ አባ ፊጣ ግን፣ «የጆንያው ቅናሽ አልቀረም፣ ጆንያው ትንሽ ከሳ እንጂ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ቤቱም በስሜ አልዞረም፣ ከቤቱም አልወጣንም፤ እናቴ እዚያው በአበባው ጃንጥላ እየተመላለሰች አረጀች። በኋላ ዘመን ተለወጠ፣ የቤቱም የመጋዘኑም ጌታ ሌላ ሆነ፣ ያ ሥዕል ወረደ። ቆርቆሮ ግን አይጣልም፤ አንዱ ጣሪያ አድርጎታል ብለውኛል። ሊሙ ውስጥ አንድ ቦታ ዝናብ በመጣ ቁጥር የፊታውራሪን ሆድ ይደበድበዋል፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ሳይረጥብ ይተኛል። ለፓርላማ ተመርጦ ይህን ያህል ያገለገለ ስንት ነው?

ጎረምሳው አሁንም ይጠብቀኛል። «ልቀንስልዎት ጋሼ?»

«አትቀንስ» አልኩት። «እንዳለ ንገረኝ።»

ነገረኝ። ቤቴ እስክደርስ ወደ ፈረሱላ ለወጥኩት። ከፊታውራሪ ብዙም አልርቅም፤ ልዩነታችን የካፖርት ነው።